ኤርታሌ መሄድ፦ ድፍረት ነው ወይስ በሰው ሕይወት መጫወት?

አወያይ፦ ጥር 2004 ላይ አፋር ያለው እሳተ ገሞራ ኤርታሌ ላይ አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ተገደሉ። ኅዳር 2010 ደግሞ አንድ ጀርመናዊ። ሐምሌ 2017 ተራራው ራሱ ፈነዳ። ኅዳር 2018 ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ተከተለ። እንዲያም ሆኖ "ውሰዱኝ" የሚል ቱሪስት አይጠፋም። ልክ ነው?

አስጎብኚ፦ ምን ችግር አለው? ሰውዬው ልጅ አይደለም። "አትፈራም?" ስለው "አገሬም ብሆን መኪና ሊገጨኝ ይችላል" ይለኛል። መንገዱን ሙሉ ሲያወራ የመጣው ሰው ሌሊት አፋፉ ላይ ሲቆም ዝም ይላል። ቀዩ ብርሃን ፊቱ ላይ፣ ሻርፑ አፍንጫው ላይ፣ የደረቀው ላቫ ከጫማው ሥር እንደ ቂጣ እየተፈረከሰ። ለዚህ ነው የመጣው፣ በቃ።

የኢንሹራንስ ሠራተኛ፦ የመኪናው ነገር አያስኬድም። መኪና ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ነው ያለው፣ እሳተ ገሞራው ላይ የሚያድረው አንድ ሌሊት። በሰዓት አስቡት እስቲ። ደግሞ የአገሩ መንግሥት "አትሂድ" ያለበት ቦታ ከሄደ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ አይከፍለውም።

አስጎብኚ፦ ያውቃሉ እኮ እህቴ። "ማስጠንቀቂያው በጅምላ ነው የሚጻፈው" ይላሉ። ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አልልም። የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ አርባ ምንጭ ሊሄድ የነበረ እንግዳዬ ሳይቀር ሰርዞብኛል።

ሾፌር፦ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ፈረንጁ ነው። በ2004ቱ ጥቃት ከታገቱት አራት ሰዎች ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ማን ያነሳቸዋል? ቱሪስቱ ወዶ ነው የሚሄደው፣ እኔ የቤት ኪራይ አለብኝ። አንዱ እንግዳዬ "ካንተ ጋር ስለሆንኩ አልፈራም" አለኝ። ሳቅሁ። እኔስ ከማን ጋር ነኝ?

የሰመራ ልጅ፦ ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ግን ቱሪስት ሲቀር ግመል የሚያከራየው ሰውዬ ምን ይብላ? እናንተ "አደገኛ" የምትሉት ቦታ አክስቴ ፍየል ትጠብቅበታለች።

የኢንሹራንስ ሠራተኛ፦ እንግዲያው የሾፌሩና የአጃቢው የሕይወት ዋስትና ከጉዞው ዋጋ ጋር ይታሰብ።

አስጎብኚ፦ እኔ ዋጋ ስጨምር ሌላው በርካሽ ይወስደዋል።

ሾፌር፦ እሳት ለማየት ከአውሮፓ ድረስ በርሮ የመጣ ሰው፣ የኔ ጋ ሲደርስ ነው ኪሱ የሚሳሳው?