«ተመላላሽ» ማለት ከክሊኒክ ግሮሰሪ መመላለስ ነው?

የሽሮ ሜዳዋ፦
ትናንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እሰማለሁ። አንድ እንግዳ ስለ መጠጥ ሱስ ተጠየቀ። «ለሰካራም ኪኒን መስጠት ሱስን በሱስ መተካት ነው፤ የሚያስፈልገው ወኔ ነው» ብሎ አረፈው። አዘጋጁም «ትክክል» አለና ዘፈን ለቀቀ። ወንድሜ ከጥር ጀምሮ ናልትሬክሶን የሚባል የመጠጥ ፍላጎት የሚቀንስ ኪኒን ይወስዳል። በተመላላሽ ነው የሚታከመው፣ ሥራውን አልተወም። በቀን አንድ ኪኒን፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ከአማካሪ ጋር ቁጭ ማለት። ይሄ ሱስ ከሆነ የእናቴ የግፊት መድኃኒትም ሱስ ነው። ለዚህ ሰውዬ ማይክ የሰጠው ማነው?

መለኪያ ሰባሪ፦
ሰውየው አልተሳሳተም። እኔ 14 ዓመት ጠጥቻለሁ፣ ጠዋት አረቄ ሳልቀምስ ጫማዬን ማሰር አልችልም ነበር። ጻድቃኔ ማርያም ሁለት ሱባኤ ይዤ ወጣሁ፣ አለቀ። ኪኒን የለ፣ አማካሪ የለ። ደግሞ ይሄ «ተመላላሽ» የምትሉት ነገር ይገርመኛል። ሰውየው ከክሊኒኩ ሲወጣ በሩ ላይ ሦስት ግሮሰሪ ይጠብቀዋል። ተመላላሽ ማለት ከክሊኒክ ግሮሰሪ መመላለስ ነው።

ጎረቤት፦
ክሊኒኩ የት ሰፈር ነው? ካርድ ላወጣ ነው።

ነርሷ፦
መለኪያ ሰባሪ፣ እንኳን ዳንክ፣ ከልቤ ነው። ግን ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው «በአንድ ቀን ተውኩ» ሲል እኔ እፈራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ሦስተኛው ቀን አካባቢ የሌለ ሰው ያያል፣ ይለፈልፋል፣ ልቡ ይመታል። ዘመድ «ሰይጣኑ እየለቀቀው ነው» ብሎ ክፍል ውስጥ ይቆልፍበታል። ሰው በዚህ ይሞታል። ቀናቱን ዳያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያና ቫይታሚን ቢ ዋን ይዘን ብናሳልፈው ግን አብዛኛው ይድናል። ስለዚህ ከባድ ጠጪ መጀመሪያ ጥቂት ቀን ሆስፒታል ይተኛል፣ ከዚያ በኋላ ነው በተመላላሽ የሚቀጥለው። ሁሉም ሰው ደግሞ እዚህ ደረጃ ላይ አይደለም።

መለኪያ ሰባሪ፦
ጠበሉ ሊገድለኝ ነበር እያልሽኝ ነው?

ነርሷ፦
አላልኩም። ስለ ጠበል አንድ ቃል አልጻፍኩም። ወደ ላይ ተመለስና አንብብ።

መለኪያ ሰባሪ፦
«ሰይጣኑ እየለቀቀው ነው» ብለሽ ያሾፍሽው ማን ላይ ነው ታዲያ?

የሽሮ ሜዳዋ፦
ኧረ በፈጠራችሁ! ይሄ ክርክር እኮ በኤችአይቪ ጊዜ አልቋል። ሰው መድኃኒቱን እየጣለ ጠበል ሲገባ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አብረው ይሄዳሉ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ወንድሜም ቅዳሜ ጠበል ይጠጣል፣ በዚያው ብርጭቆ ኪኒኑን ይውጣል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። እዚህ አሜሪካ ኡበር ነው የምነዳው። ይሄን ናልትሬክሶን ስወስድ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የጻፈልኝ ስኳሬን የሚከታተለው ያው የቤተሰብ ሐኪሜ ነው። አሜሪካ ለመጠጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ኪኒኑ መጠጥ አያስጠላም። እንዲያው ያ «ሞቅ» የሚለው ነገር ሳይመጣ ይቀራል። በሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛውን ቢራ አጋምሼ ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁ። እኔ በሕይወቴ ቢራ አጋምሼ አላውቅም። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

መለኪያ ሰባሪ፦
ይኸው! በራሱ አፍ! ሕክምና ላይ ሆኖ ቢራ ያዛል። «አጋምሼ» ይላል ደግሞ። ተመላላሽ አላልኳችሁም?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከዚያ በፊት በምሽት ስምንት ነበር። ከስምንት ወደ አንድ ተኩል ወረድኩ፣ ከዚያ ወደ ዜሮ። አንተ ስምንቱን ትተህ ግማሹን ትቆጥራለህ።

መለኪያ ሰባሪ፦
ያጋመሰ ሰው አልተወም። ሌባ ግማሹን ሰርቆ ግማሹን ቢመልስ ሌባ አይደለም?

ጎረቤት፦
ግማሹን ከመለሰልኝስ አመሰግነዋለሁ።

ነርሷ፦
አጋመሰ አላጋመሰ የሚለው ላይ ሌሊቱን ልናድር ነው? ናልትሬክሶን ሰው ገና እየጠጣም ሊጀመር ይችላል፣ የኪኒኑ ጥቅም አንዱ ይሄ ነው። ዋናው ጥንቃቄ ሌላ ነው። ትራማዶል ወይም ሌላ ሞርፊን ነክ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ለሐኪሙ ይናገር፣ ካልሆነ ክፉኛ ያመዋል። ጉበትም ይታያል።

ቆጣሪው፦
እኔ ጠበልም ኪኒንም ላይ ወገን የለኝም፣ ቁጥር ነው የምወደው። ይሄን ያህል ተአምር ከሆነ አሜሪካኖቹ ለምን አይወስዱትም? እ.ኤ.አ. በ2019 የመጠጥ ችግር ካለባቸው አዋቂዎቻቸው መድኃኒት የወሰዱት 1.6 በመቶ ብቻ ናቸው። ባለቤቱ ያቀለለውን እኛ ምን አስቸኮለን?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሐኪሙ አይጠይቅ፣ ታካሚው ያፍራል። ነውር እዚህም አለ ወንድሜ፣ በእንግሊዝኛ ነው እንጂ።

ነርሷ፦
ቁጥር ከወደድክ እንካ። እ.ኤ.አ. በ2023 የ118 ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ ወጥቷል። 50 ሚሊግራም ናልትሬክሶን 11 ሰው ሲወስድ፣ ያለ ኪኒኑ ወደ ከባድ መጠጥ ይመለስ የነበረ አንድ ሰው ይተርፋል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ናልትሬክሶንንና አካምፕሮሴት የሚባለውን ሌላ የመጠጥ ሱስ መድኃኒት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል።

ቆጣሪው፦
ከ11 አንድ? አሥሩስ?

ነርሷ፦
ከአሥሩ የተወሰኑት ያለ ኪኒኑም ይተዉ ነበር፣ የተወሰኑት ከኪኒኑ ጋርም ይጠጣሉ። ለልብና ለግፊት የምንውጣቸው ብዙ መድኃኒቶች እኮ ከዚህ ያነሰ ጥቅም ነው የሚሰጡት፣ እነሱን ማንም በሬዲዮ አይሰድብም።

መለኪያ ሰባሪ፦
ከ11 አንድ! እኔ ከአንድ አንድ ነኝ።

የሽሮ ሜዳዋ፦
አንተ ዳንክ። አብረውህ ሱባኤ የያዙትስ? እነሱን ማን ቆጠራቸው?

እማማ ደስታ፦
ልጆቼ፣ እኔ የማውቃት አንዲት ሴት ባሏ ሳያውቅ የሚያስታውከውን ኪኒን ወጡ ውስጥ ትጨምርለት ነበር። አንታቡዝ ነው ምን ይሉታል። ሰውየው መጠጥ ባፉ አልዞረም። ለምን እሱን አትሞክሩም?

ነርሷ፦
እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይሄን ማንም እንዳያደርገው! አንታቡዝ የሚሰጠው አውቆና ፈቅዶ ለሚወስድ ሰው ነው። ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ማለፍ አለበት። መጠጥ ሲገናኘው ፊት ይቀላል፣ ያስታውካል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ልቡ ደካማ የሆነ ሰው ሊሞት ይችላል። ካቆመው በኋላም እስከ ሁለት ሳምንት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ወጥ ውስጥ ተደብቆ የሚገባ ነገር አይደለም።

እማማ ደስታ፦
እሺ የኔ ልጅ፣ አትቆጪ። ሴትየዋም መጨረሻ ላይ ፈርታ ትታዋለች።

ቆጣሪው፦
ከሁሉም በፊት አረቄ ቤቶቹን መዝጋት ነው። ምንጩ ሳይደርቅ ምን ኪኒን ይሠራል?

የደብረ ብርሃኑ፦
ቆይ ቆይ። እናቴ አረቄ አውጥታ ነው አራት ልጅ ያስተማረችው። በጭስ ዓይኗ ጠፍቷል። ሁልጊዜ የሚዘጋው የድሀ ሴት ጓዳ ነው? በ2011 የወጣው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥ አለ። እስቲ ሰፈርህ ያለ ግሮሰሪ መታወቂያ ሲጠይቅ አይተህ ታውቃለህ?

ቆጣሪው፦
ስለ እናትህ ማን አወራ?

የደብረ ብርሃኑ፦
«ምንጩ» ያልከው እሷን ነው።

ቆጣሪው፦
ቢራ ፋብሪካውንም ጨምሬ ነው።

የደብረ ብርሃኑ፦
አሁን ጨመርከው።

የሽሮ ሜዳዋ፦
ስለ ኪኒኑ ነበር የጀመርኩት። የምር የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ወር ኪኒኑ አለቀብን፣ አራት ፋርማሲ ዞርኩ። አንዷ «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። ለመጠጥ ነው ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ የምጠጣው እኔ መሰልኳት። መጨረሻ ላይ ከውጭ የመጣ ሰው ነው ያመጣልን። ሬዲዮ ላይ ስለ ወኔ ከሚወራ ስለዚህ ቢወራ ምን ነበር?

መለኪያ ሰባሪ፦
ይኸው፣ ሲጠፋ ምን ትሆኑ? ጠበል አያልቅም።

ነርሷ፦
ናልትሬክሶን ቢቋረጥ ሰውነት አያመውም። ሱስ በሱስ ተተካ የሚለው ወሬ እዚህ ጋ ነው የሚፈርሰው። ፍላጎቱ ግን ሊመለስ ይችላል፣ ለዚህ ነው ክትትሉ።

የሽሮ ሜዳዋ፦
መለኪያ ሰባሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሳትቆጣ። ከዚያ ሁለት ሱባኤ በኋላ ተመልሰህ ሄደህ ታውቃለህ?

መለኪያ ሰባሪ፦
በየዓመቱ እሄዳለሁ። ንስሐ አባቴም በየወሩ ይደውሉልኛል። ታዲያ?

ጎረቤት፦
ተመላላሽ ነሃ!

መለኪያ ሰባሪ፦
ሱባኤን ከክሊኒክ ጋር አታወዳድር። አፍህን ሰብስብ።

ጎረቤት፦
እሺ ሰበሰብኩ። የግሮሰሪዎቹን ሰፈር ግን እስካሁን አልነገርከኝም።