ስለ ደጋፊ ሠራተኞች ክፍያ ስንናገር "ለኪሳችሁ ነው" ለሚሉን ምን እንበል?

ፈረቃ
ሰላም ለሁላችሁ። የአካል ጉዳተኞች ደጋፊ ሠራተኛ ነኝ። ሰው ቤት እየሄድኩ ከአልጋ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ አንዳንዴም ሥራ ቦታ ድረስ መሸኘት ነው ሥራዬ። በቅርቡ በማኅበረሰብ አቀፍ እንክብካቤ ፖሊሲ ረቂቅ ላይ ውይይት አለ፤ ባልደረቦቼ "አንቺ ተናገሪልን" ብለውኛል። ስለ ክፍያ ሳነሳ ግን አካል ጉዳተኞቹን ሽፋን አድርገን ለራሳችን የምንለምን ይመስላቸዋል። አንዱ ኃላፊ ደግሞ "በየቤቱ ከመዞር ሁሉንም አንድ ግቢ ሰብስቦ መንከባከብ አይረክስም ወይ?" አለኝ። ምን ልበለው?

ባለዊልቸሩ
እህቴ፣ የኃላፊውን እኔ ልመልስልሽ፤ አንድ ግቢ የሚሰበሰበው እኔ ነኛ! የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 19 አስነብቢው። የትና ከማን ጋር እንደምኖር እንደማንኛውም ሰው የመምረጥ መብት አለኝ፣ በአንድ በተወሰነ የአኗኗር ሁኔታ እንድኖር ልገደድ አይገባም ይላል። የግል ረዳትንም በስም ይጠቅሳል።

ደግሞ እንዲህ ሰብስቦ የሚያኖርን ቦታ ተቋም የሚያሰኘው የሕንፃው ትልቅነት አይደለም። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ አብራርቷል። ቁም ነገሩ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። የሠራተኛዋ ፈረቃ ስለሚያልቅ ብቻ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት አልጋ ውስጥ የሚከተት ትልቅ ሰው በራሱ ቤት እየኖረም ተቋም ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ያንቺ የሥራ ሰዓትና ክፍያ የኔም ነፃነት ጉዳይ ነው። ለኪሳችሁ ሲሉሽ ይህን ንገሪያቸው፣ ወይ እኔ ልምጣና ልንገራቸው።

የወንድሜ እህት
እኔ ከቤተሰብ በኩል ልናገር። ወንድሜ አፍ አውጥቶ አይናገርም። በዓይኑ የሚለውን የምታውቅ አንዲት ሠራተኛ ነበረችን፤ ክፍያው አላኖር ሲላት ሄደች። ከዚያ በኋላ በየጊዜው አዲስ ሰው ነው። ምግብ ትን ሳይለው እንዴት እንደሚጎርስ በየጊዜው ከዜሮ ማስተማር ነው። ሠራተኛ የሌለ ቀን ደግሞ እናቴ አለች፣ ያለ ደመወዝና ያለ እረፍት፣ በታመመ ወገቧ። ተቋም ይዘጋ ብለው ገንዘቡን ወደ ቤት ድጋፍ ካላዞሩት ሸክሙ የሚወድቀው እሷው ላይ ነው። እባክሽ ይሄንን አትርሺብን።

ረቂቅ አንባቢ
እንዲህ ዓይነት ረቂቅ ላይ ስለሠራሁ ትንሽ ልጨምር። "ክፍያ ይሻሻል" ብቻ ካልሽ "እናያለን" ብለው ያልፉሻል፣ በዝርዝር ጠይቂ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የምትሄዱበት ሰዓት ይከፈላል ወይ? ስትታመሚ ተተኪ ማን ይልካል? ሰው ማንሻ መሣሪያ ይቀርባል ወይስ ወገባችሁ ይሰበር? ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ መብቱ የተፈቀደለት ሰው ረዳቱን ራሱ መቅጠር ይችላል፣ ካልፈለገም በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በሌላ አቅራቢ በኩል ያገኛል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ሰውን ያለ በቂ ምክንያት ተቋም ውስጥ ማቆየት አድልዎ ነው ብሎ ፈርዷል፤ ግን ፍርድ ሠራተኛ አይቀጥርም፣ ዛሬም ለቤት ድጋፍ ወረፋ የሚጠብቀው ብዙ ነው። በጀት የሌለው አንቀጽ ጌጥ ነው።

ሥልጠናና የሙያ ፈቃድም ጠይቂ፣ ያስከብራችኋል።

ባለዊልቸሩ
ሥልጠናው ይሁን፣ በፈቃዱ ግን አልስማማም። ዲፕሎማ የሌለው አይቀጠር ከተባለ ለዓመታት የማምነውን ልጅ ነው የምትቀሙኝ። የኔን ሰውነት እንዴት እንደሚይዝ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ሥልጠናውን እኛም እንስጥ፣ ፈቃዱ ይቅር።

ፈረቃ
በፈቃዱ ነገር እኛም መሀል ስምምነት የለም፣ አጥብቀው የሚፈልጉት አሉ። እሱን ለጊዜው ከንግግሬ አወጣዋለሁ። የመንገድ ሰዓት፣ ተተኪና ማንሻ መሣሪያው ይበቃኛል። የእናትየውንም ጉዳይ አነሳለሁ። @ባለዊልቸሩ፣ እውነትህን ከሆነ ና፣ አንተ ቀድመህ ተናገር።

ባለዊልቸሩ
እመጣለሁ። አዳራሹ ስንተኛ ፎቅ ነው? ሊፍት ከሌለው ከአሁኑ ቦታ አስቀይሪ።