ከአምባዛ ሆድ ፌስታል ወጣ፤ ሥጋውን ልጣለው?

የማራኪዋ፦
ሰላም ጎንደሮች። ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ከጎርጎራ የመጣ አምባዛ ገዝቼ ቤት ስከፍተው ከአንጀቱ ሰማያዊ ክርና የፌስታል ቁራጭ ወጣ። በጣም ደነገጥኩ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ አሳ ነፍሳቸው ነው። ሥጋውም ተበክሏል ማለት ነው? ቢቀቀል ይጠፋል? አሳው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የጎርጎራው፦
እህቴ፣ ክሩ የመረብ ሳይሆን አይቀርም። መረባችን ናይለን ነው። ሲያረጅ እየተበጣጠሰ እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀራል፣ ይሄ የእኛ ጥፋት ነው። አምባዛ ደግሞ ጭቃ ውስጥ እየፈለገ ያገኘውን ይውጣል።

አሳ አጥኚ፦
ልክ ነው። በፈረንጆቹ 2020 የታተመ የዝዋይ ሐይቅ ጥናት ከተመረመሩት አሳዎች 35 በመቶ ያህሉ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል፤ እንደ አምባዛ ከሥር የሚመገቡት ደግሞ ከቆሮሶ የባሰ ነበረባቸው።
አንቺ ያየሽው ትልልቁን ነው። ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው ከ5 ሚሊሜትር በታች ሲሆን አብዛኛው በዓይን አይታይም። መጀመሪያ የሚጎዳው ራሱን አሳውን ነው። ሆዱ በማይፈጭ ነገር ሲሞላ የጠገበ ይመስለዋል፣ መብላት ይቀንሳል፣ ይቀጭጫል። አንጀቱ ይቆስላል። ስንጥቡ ላይ ሲለጠፍ መተንፈስ ይቸግረዋል፣ ከፕላስቲኩ የሚወጡት ኬሚካሎች ደግሞ ጉበቱን ይጎዳሉ፣ ሆርሞኑን አዛብተው መራባቱን ሳይቀር ይነካሉ። እርግጥ ብዙው የታየው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ መጠኑ ከፍ ተደርጎ ነው።
ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ መቀቀል ፕላስቲክ አያጠፋም። ግን አብዛኛው የሚቀረው አንጀት ውስጥ ስለሆነ ሆድ ዕቃው ከወጣ ሥጋውን አትጣይው።

ባለ ምግብ ቤት፣ አዘዞ፦
ዋናው አንጀቱን ሳትቀጂ በሙሉ ማውጣት ነው። ከተቀደደ ያለው ሁሉ ሥጋው ላይ ይፈሳል። ስንጥቡንም ንቀይ፣ በተለይ ጭንቅላቱን ለሾርባ ከፈለግሽው። ከዚያ ውሃ እያፈሰስሽ እጠቢው፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን ሳታጥቢ ሥጋውን እንዳትበልቺ። ሆድ ዕቃውን ለድመትም አትስጪ።

የቀሃ ዳር ልጅ፦
ፌስታሉማ ከእኛው ሰፈር ነው የሚሄደው! ክረምት ላይ ቀሃ ሲሞላ ዳር ዳሩ የተጣለውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። የቀሃና የአንገረብ ውሃ መገጭ ይገባል፣ መገጭ ጣና። እዚያ ፀሐይና ማዕበል እየሰባበሩት ነው የሚደቀው።

የማራኪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንዳላችሁኝ አጥቤ ጉላሽ ሠራሁት፣ ልጆቹም በሉ። ለከርሞው ቆሮሶ ነው የምገዛው። የጎርጎራው፣ ያረጀውን መረብ የምታስቀምጡበት ቦታ አላችሁ?

የጎርጎራው፦
የለንም። እኔ ግን ጀልባዬ ላይ ማዳበሪያ አስሬ ብጥስጣሹን እዚያ መክተት ጀምሬያለሁ። ሁለት ጓደኞቼም ነገ ያስራሉ።