ሥራው ሜክሲኮ፣ ቤቱስ የት ይሁን?

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ልንመጣ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሥራ አግኝቻለሁ። ባለቤቴና ኬጂ የምትማር ልጃችን አብረውኝ ናቸው። ዘመድ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ "ልደታ ስቱዲዮ ተከራይ፣ ቢጠብም ከሥራህ አትራቅ" ይለኛል። ሌላው "በዚያው ብር ዳር ወጥተህ ባለ ሁለት መኝታ ታገኛለህ" ባይ ነው። እናንተስ?

የልደታው፦ ወንድሜ፣ ቅርብ ተከራይ። እኔ ሜክሲኮ በእግሬ ነው የምሄደው። ዳር የወጡ የሥራ ባልደረቦቼ ልጆቻቸውን ተኝተው ትተዋቸው ይወጣሉ፣ ሲመለሱም ተኝተው ያገኟቸዋል። ታዲያ ሰፊው ሳሎን ለማን ነው?

የአያቱ፦ ይሄ ለወንደላጤ ይሠራል። ስቱዲዮ አንድ ክፍል ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ የልጅቷ መጫወቻ፣ ሁሉም እዚያው። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ላይ ታስቀምጣለህ። ደግሞ ፒያሳና ካዛንቺስ ከፈረሱ ወዲህ መሃል ከተማ ተመጣጣኝ ክፍል ማግኘት ፈተና ነው። አያት ና። ባቡሩ ከዚህ ተነስቶ በመገናኛና በስታዲየም አድርጎ ሳትቀይር ሜክሲኮ ያወርድሃል። መነሻው እኛ ጋ ስለሆነ ጠዋት ወንበር የማግኘት ዕድል አለህ። ማታ ግን ትፋፈጋለህ፣ አልዋሽህም።

የልደታው፦ ባቡሩን ተማምኖ ቤት አይከራዩም። በ2008 ሥራ ሲጀምር የነበረው ሁኔታና የአሁኑ አንድ አይደለም። ባቡር ሲበላሽ ጣቢያ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው። አዲስ ሠራተኛ ደግሞ በየሳምንቱ "ባቡር ቀረ" ብሎ ማርፈድ አይችልም።

ጠበቃው፦ እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው "ለሥራው አልተመቸህም" ብሎ ሊያሰናብትህ ይችላል። ስለዚህ ያለህን ጥሪት ሁሉ ለቤት አታፍስስ። ሁለተኛ፣ የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን እወቅ። የውሉ ትንሹ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በዲጂታል መንገድ ይፈጸማል። ደላላው "የስድስት ወር ካልከፈልክ ሰው እየጠበቀ ነው" ካለህ፣ ሕጉን ጥሰህ ግባ እያለህ ነው።
የእኔ ምክር፦ ሙከራው እስኪያልቅ ብቻህን ና። ሜክሲኮ አካባቢ ከአንድ ሰው ጋር በደባልነት ግባ።

የጀሞዋ እናት፦ ሁላችሁም የምታወሩት እሱ ቢሮ ስለሚደርስበት መንገድ ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚውለው ማነው?
እኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። አሳንሰር የለም። ውሃ በፈረቃ ነው። የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ግፊቱ ከደከመ ደግሞ እኛ ጋ አይደርስም። ያኔ ምድር ወርጄ ከጎረቤት እቀዳለሁ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በአንድ እጅ፣ ልጅ በሌላው፣ አራት ፎቅ። ባለቤቴ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስለሚቆምበት ሰዓት ሁሉም ያዝንለታል። የደረጃው ግን የማንም ርዕስ ሆኖ አያውቅም።
ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ብትከራዩም ሌላ ጣጣ አለ። በር የሚዘጋበት ሰዓት አለ። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ "ምጣድ አይቻልም" ይባላል። ይህንንም የምትሸከመው ባለቤትህ ናት።
ሌላው ደግሞ እሷም ሥራ ትፈልግ ይሆናል። ቤቱን ለአንተ ቢሮ ብቻ ከመረጥከው የእሷ ዕድል ከመጀመሪያው ተዘጋ ማለት ነው። ብቻህን ና የሚለውን ምክርም አልወደድኩትም። ትምህርት መስከረም ይጀምራል። ልጅቷ በዓመቱ መሃል ትምህርት ቤት ልትቀይር ነው?

ጠበቃው፦ እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው፣ የልጅቷን አላሰብኩትም። ግን ሥራው ባይጸናስ? ሦስቱም ሜዳ ላይ ይቀራሉ።

የጀሞዋ እናት፦ ለዚህ እኮ ነው ቤቱ በአንድ ደመወዝ መሃል ከተማ መሆን የለበትም የምለው። ርቀቱን ሳይሆን ስንት ጊዜ ታክሲ እንደምትቀይር ቁጠር። ከጀሞ ሜክሲኮ ቀጥታ ታክሲ አለ። ኮዬ ፈጬ ኪራዩ ይቀንስ ይሆናል፣ ግን ታክሲ በቀየርክ ቁጥር ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ሂሳብ ነው። ወደ ፉሪና ሰበታ ከወጣህ ደግሞ ሸገር ከተማ ነው፤ አስተዳደሩም የትምህርት ሥርዓቱም የኦሮሚያ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ካሰብክ ልጅህ በምን ቋንቋ እንደምትማር ቀድመህ ጠይቅ።

የልደታው፦ እኔ አሁንም በሐሳቤ ነኝ። በእግር መሄድን የሚተካ የለም።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ አነበብኩላት። የጄሪካኑ ነገር ላይ ስደርስ "እኔም ካላየሁት ውል አትፈርምም" አለች። እሁድ አብረን መጥተን አያትንና ጀሞን እናያለን።

የጀሞዋ እናት፦ እሁድ መንገዱ ጭር ይላል፣ ምንም አያሳይህም። ሰኞን ጨምሩበትና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰልፍ ያዙ። ቤት ስታዩም እሷ ቧንቧውን ትክፈት። ውሃ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ደላላውን ሳይሆን የላይኛውን ፎቅ ጎረቤት ትጠይቅ።