ነገ ጠዋት ለታመመች እናቴ የምወስደው ጽጌረዳ አንገቱን ደፋብኝ፤ እባካችሁ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ (መስከረም 29፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት)፦ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ከቀትር በኋላ ፒያሳ የገዛኋቸው አሥራ ሁለት ነጭ ጽጌረዳዎች አሁን አንገታቸውን ደፍተዋል። ቅጠላቸው አረንጓዴ እንደሆነ ነው፤ ነገር ግን ግንዱ ከእምቡጡ ሥር ታጥፎ ራሳቸው ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። ነገ ጠዋት በመጠየቂያ ሰዓት ይዣቸው መግባት አለብኝ። ይህ ሳያንስ አክስቴ አይታቸው «ነጭ አበባ የመቃብር ነው፣ ለታመመ ሰው አይወሰድም» ስትለኝ ልቤ ደነገጠ። አበባ ሰውን ይፈውሳል ሲባል ሰምቻለሁና ለፈውስ የሚሆነው የትኛው ቀለም እንደሆነ፣ እነዚህንም ማዳን ይቻል እንደሆነ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ።

የአዘዞ አትክልተኛ፦ እህቴ፣ ቀለሙን ለሌሎች ትቼ ስለ ግንዱ ልናገር። ጽጌረዳ አንገቱን የሚደፋው ብዙ ጊዜ በግንዱ ጫፍ አየር ገብቶ ውኃ የሚወጣበትን መንገድ ስለሚዘጋው ነው። ጽጌረዳው ከሆለታ ወይም ከዝዋይ አካባቢ የመጣ ከሆነ ደግሞ ጎንደር እስኪደርስ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዟል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ግንድ ጫፍ ውኃ ውስጥ እንዳለ፣ በተሳለ ቢላዋ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርገሽ ቁረጪው። ከዚያ በታች በኩል ያሉትን ቅጠሎች አራግፊና አበባዎቹን ከነራሳቸው ለብ ባለ ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል አስተኚያቸው። ስታወጫቸው ራሳቸው ቀጥ ብሎ እንዲቆም በጋዜጣ ጠቅልለሽ ጥልቅ ውኃ ባለው ባልዲ ውስጥ አሳድሪያቸው። አንድ ነገር ግን ሳትነግሪን ቀርተሻል፦ ከገዛሻቸው በኋላ የት አስቀመጥሻቸው?

የቁስቋሙ፦ ልጄ፣ የአክስትሽ ቃል አያስደንግጥሽ። አበባ በየአገሩ የሚናገረው ይለያያል። ነጭ ክሪሳንተመም በቻይናና በጃፓን የሐዘን አበባ ነው፤ ያም ሆኖ በዚያው በጃፓን ክሪሳንተመም የንጉሣዊው ቤተሰብ ምልክት ሆኖ ይከበራል። በፈረንሳይም ሰዎች በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ወደ መቃብር ይዘውት ይሄዳሉ። ቢጫ ጽጌረዳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የቅናት ምልክት ሆኖ ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሰው ለወዳጅነት ይሰጠዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ያለንበት ወር ራሱ ወርኃ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አርባ ቀን ሙሉ ሊቃውንቱ በየቅዳሜው ሌሊት ማኅሌት ቆመው አበባዋን በእመቤታችን፣ ከአበባዋ የሚገኘውን ፍሬ በልጇ ይመስላሉ። መሠረቱም ከእሴይ ግንድ በትር ትወጣለች የሚለው የኢሳይያስ ትንቢት ነው። እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ኅዳር 6 ቀን ሲነግሥ ያየ ሰው አበባን ከሞት ጋር ብቻ አያያይዘውም። አክስትሽ ያሰቡት በቀብር ላይ የሚቀመጠውን የአበባ ጉንጉን ይመስለኛልና ቃላቸውን በክፉ አትውሰጂው፤ የተናገሩት ከፍቅር ነው።

ጥያቄ አለኝ፦ ማንንም ለማስቀየም ሳይሆን፣ ከመነሻው አበባ ሰውን ይፈውሳል የሚለውን ማን አረጋገጠው? እናትሽን የሚያድናት ሐኪሙና መድኃኒቱ ነው። ለአሥራ ሁለት ጽጌረዳ ያወጣሽው ገንዘብ ለሾርባና ለወተት ቢሆን ይሻል ነበር።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። እናቴ ትናንት የሐሞት ከረጢቷን በቀዶ ሕክምና አውጥተውላታል፤ አሁን ደህና ናት፣ ሾርባውም ተዘጋጅቷል። አበባዎቹን ያስቀመጥኳቸው ለእሷ ከገዛሁት ሙዝ ጋር በአንድ ዘንቢል ውስጥ ነበር፤ ውኃ ውስጥ የከተትኳቸው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ይህ ችግር ያመጣል ብዬ አላሰብኩም።

የአዘዞ አትክልተኛ፦ በደንብ ያመጣል። የሚበስል ሙዝ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ አበባን ያስረጃል፣ ቅጠሉንም ያራግፋል። ሁለቱን ዛሬውኑ በተለያየ ክፍል አሳድሪ። በሆስፒታሉም ኮመዲኖ ላይ ጎን ለጎን እንዳታደርጊያቸው።

ሲስተር ከማራኪ፦ «ጥያቄ አለኝ» ላነሱት ነጥብ፦ በ1984 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ላይ ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ ያሳተመው ጥናት አለ። በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ልክ እንደ ጠያቂዋ እናት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ታማሚዎችን አነጻጽሯል። መስኮታቸው ወደ ዛፎች የሚያሳያቸው 23ቱ የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት 23ቱ ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት በመጠኑ አነስተኛ ነው። ይህ አበባ ቁስልን ይዘጋል ማለት አይደለም። ተኝቶ ጣሪያ የሚያይ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሕያው ነገር ሲያገኝ ሰውነቱም እንደሚያርፍ ግን እኔ በየቀኑ በሥራዬ አያለሁ።

ጥያቄ አለኝ፦ እርሱ ዛፍ ነው፣ አበባ አይደለም። የታማሚዎቹም ቁጥር ትንሽ ነው።

ሲስተር ከማራኪ፦ ልክ ነዎት፣ ሁለቱንም እቀበላለሁ።

የአያቷ ልጅ፦ የሚፈውስ አበባ ከተፈለገ ጽጌረዳ ምን ያደርጋል? የኮሶ አበባ እያለ! አያቶቻችን የሴቴውን ዛፍ አበባ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በውኃ በጥብጠው በመጠጣት የኮሶ ትልን ያስወጡ ነበር። እናትሽም ሲሻላት ትንሽ ብትቀምስ ሆዷ ይጸዳል።

ሲስተር ከማራኪ፦ እባክሽ እህቴ፣ ይህን አታድርጊ። የኮሶ አበባ ትሉን እንደሚያስወጣ እውነት ነው፤ ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፣ የዓይን ብርሃንንም ሊጎዳ ይችላል፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። ሆዷ ትናንት ለተከፈተ ሴት የሚሰጥ ነገር አይደለም። ጤና አዳምም ቢሆን ቡና ውስጥ እንደምናደርጋት ቅንጣት ካልሆነ በቀር ሐኪሟ ሳያውቅ እንዳትጨምሩላት። ሌላው ደግሞ፣ ነገ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍልና ሰውነታቸው በሽታ መከላከል ያቃታቸው ሰዎች በተኙበት ክፍል አበባ እንዲገባ የማይፈቅዱ ሆስፒታሎች አሉ፣ ምክንያቱም የአበባ ውኃ ሲቆይ ባክቴሪያ ያፈራል። ከተፈቀደልሽ ውኃውን በየቀኑ ቀይሪ፤ አጠገቧ የተኛችው ሴት አስም እንዳለባትም ጠይቂ።

ሳይቦራ፦ ግንዱን በሰያፍ ቁረጪውና ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ክተቺው። እኔ እንዲህ አድርጌ አድኛለሁ።

የአዘዞ አትክልተኛ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ቢደገምም አይጎዳም። ልጨምርበት የምፈልገው ግን አለ፦ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና ይግባበት፤ ስኳሩ እምቡጡን ይመግባል፣ በረኪናው ባክቴሪያውን ይገድላል።

የቁስቋሙ፦ ልጄ፣ ጽጌረዳዎቹ ባይድኑ ደግሞ ነገ በማለዳ ከቁስቋም ዳገት ጥቂት አደይ አበባ ቁረጪላት፤ ገና አላለቀም። አደይ ከተቆረጠ ቶሎ ይጠወልጋልና ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ በቀጥታ ውሰጅው። ልጅ ሳለች እንግጫ ስትነቅል ያደረገችው አበባ ነውና ትርጉሙን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች።

ጠያቂዋ (ከምሽቱ 5 ሰዓት)፦ ሁሉንም ቆርጬ ሳፋ ውስጥ አስተኝቻቸው አሁን ጋዜጣውን ጠቀለልኩ። ሁለቱ ግንዳቸው ከታጠፈበት ቦታ ስለተሰበረ ተውኳቸው። የአንዱ ራስ ግን ጣቴን ከሥሩ ሳነሳለት ብቻውን ቆመ። አክስቴም አጠገቤ ተቀምጣ ቅጠል ታራግፋለች።

ሳይቦራ (መስከረም 30፣ ከቀኑ 9 ሰዓት)፦ እህቴ፣ እናትሽ እንዴት አደሩ? አበባዎቹስ ቀና አሉ?