በጨለማ የሚያበራ ጄሎ ለልጅ ልደት፦ ሞክሮ የተሳካለት አለ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ልጄ ነሐሴ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ይሞላታል። ዘንድሮ ልደቷን ቤዝመንት ውስጥ፣ መብራት አጥፍተን በብላክ ላይት (አንዳንድ ነገር ጨለማ ውስጥ እንዲያበራ በሚያደርገው መብራት) እናክብር ብላ ወጥራ ያዘችኝ። እሺ አልኳት። በማግስቱ ደግሞ «ጄሎውም (ያ ረግቶ የሚንቀጠቀጠው ጣፋጭ) ማብራት አለበት» አለች። የክፍሏ ልጅ ልደት ላይ አይታ ነው የመጣችው።

ትናንት ሞከርኩ። የሎሚ ጣዕም ያለው ባለ 85 ግራም ጄሎ ገዛሁ። በአንድ ኩባያ የፈላ ውሃ በጠበጥኩት፣ በቀዝቃዛው ውሃ ፋንታ ያበራል የሚሉትን ቶኒክ፣ መራራውን ለስላሳ መጠጥ፣ አንድ ኩባያ ጨመርኩበት። ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳህኔን ይዤ፣ ለብላክ ላይት ብዬ የገዛሁትን አዲስ አምፖል የሰካሁበትን የጠረጴዛ መብራት ይዤ፣ የልብስ ቁምሳጥን ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። ምንም የለም። ሐምራዊ ብርሃን ውስጥ የተቀመጠ ሐምራዊ ጄሎ ብቻ። ባሌ በሩን ከፍቶ አየኝና «ደህና ነሽ ግን?» ብሎ መልሶ ዘጋው።

ደግሞ መምረሩ! ኮሶ በሉት። መራራነቱን ይቀንስልኛል ብዬ ቆንጠር አድርጌ ጨው ጨምሬበት ነበር፣ እሱም አልረዳኝም። እናቴ ከአርባ ምንጭ መጥታ እኔው ጋ ናት። አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ፊቷን አጨማዳ «ለሰው ልጆች የወባ ኪኒን ነው የምታበያቸው?» አለችኝ።

ሌላም አለ። ልደቷ የዋለው ፍልሰታ ውስጥ ነው። ከሚመጡት ልጆች ግማሾቹ ይጾማሉ፣ የኔዋም ጭምር። ጄሎን የሚያረጋው ጄላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት፣ አንዳንዱም ከአሳማ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ያለችው የልጄ ጓደኛ ሙስሊም ናት። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን ነገር ካለ ንገሩኝ። ለጤናስ ያሰጋል? ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ።

---

ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር (አዲስ አበባ)፦

ልጄ፣ በመጀመሪያ እናትሽን ይቅርታ ጠይቂ። ትክክል ናቸው። ቶኒክን የሚያመርረው ኩዊኒን ነው፣ ያው የወባ መድኃኒቱ። ኪኒን የምንለው ቃል ራሱ ከዚሁ የመጣ ነው። ከሲንኮና ዛፍ ልጣጭ ይገኛል። ለብቻው ተነጥሎ የወጣው በ1820 ነው፣ ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው ያወጡት። ቶኒኩን የሚያበራውም እሱው ነው። የመረረውን ስታጠፊ ብርሃኑንም ታጠፊዋለሽ።

አሁን ወደ አምፖልሽ። ጥፋቱ እዚያ ላይ ይመስለኛል። ኩዊኒን ከራሱ ብርሃን አያወጣም። ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይውጥና በምትኩ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃን ይተፋል። ጨረሩ ሲቋረጥ እሱም ወዲያው ይጠፋል። ስቶክስ የሚባለው እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ሊቅ በ1852 ለዚህ ነገር «ፍሎረሰንስ» የሚል ስም ያወጣለት ኩዊኒንን ጭምር እየመረመረ ነው። አንቺ የገዛሽው አምፖል ግን ሐምራዊ ቀለም የተቀባ ተራ አምፖል ከሆነ፣ ሐምራዊ ብርሃን እንጂ ጨረሩ የለውም። እስከ ጧት ቁምሳጥን ውስጥ ብትቀመጪ ለውጥ የለውም።

መፈተኛው ቀላል ነው። እናንተ ጋ ያለውን የ20 ዶላር ኖት አምፖሉ ሥር ያዢው። ኖቱ ውስጥ የተቀበረች ቀጭን ክር አረንጓዴ ሆና ካበራች አምፖሉ ትክክለኛ ነው። የ100 ዶላሩ ክር ሮዝ ነው የሚሆነው፣ የ5ቱ ሰማያዊ። ክሯ ካልታየች አምፖሉን መልሺና ገንዘብሽን ተቀበዪ።

ሁለተኛ፣ ጨው! ጨውሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። ለሠላሳ ዓመት ገደማ ተማሪ ፊት ያሳየሁት ነገር ነው። ሁለት ብርጭቆ ቶኒክ ጨረሩ ሥር አስቀምጣለሁ። አንዱ ላይ አንድ ማንኪያ ጨው እጨምርና አማስላለሁ። ሰማያዊው እያዩት ይደበዝዛል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ኩዊኒኑ የዋጠውን ጉልበት ብርሃን ሳይሆን ይነጥቀዋል። ከኋላ የሚቀመጡት ሳይቀሩ ተነስተው ያዩ ነበር። ጨው መራራን ያለዝባል የሚባለው እውነት ነው፣ ወጥ ላይም እናውቀዋለን። እዚህ ግን ጠላትሽ ነው። ስኳር ጨምሪ።

---

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ኖቱን ያዝኩት። ምንም ክር የለም። የአምፖሉን ካርቶን ከቆሻሻ አውጥቼ ሳነበው «የፓርቲ ሐምራዊ» ይላል እንጂ ስለ ጨረር አንዲት ቃል የለበትም። በ12 ዶላር ተሸወድኩ።

ዛሬ 395 ናኖሜትር (የጨረሩ የሞገድ ርዝመት ነው) የሚል የኤልኢዲ ባትሪ ገዛሁ። መኪናው ውስጥ ሳልደርስ ከቦርሳዬ 20 ዶላር አወጣሁ። አረንጓዴ! ቤት ገብቼ ያልተከፈተ የቶኒክ ጠርሙስ ላይ አበራሁበት። ሰዎች፣ ጠርሙሱ ሙሉውን ሰማያዊ ሆነ። እንደ ጋዝ ምድጃ እሳት ያለ ሰማያዊ። ልጄ ጮኸች፣ እናቴ «በስመ አብ» አለች። የትናንቱ ጄሎም አበራ፣ ግን ደከም ያለ ነው። ጨዉ ነዋ!

የጾሙ ነገርስ?

---

የጾም ኬክ ጋጋሪዋ (ቨርጂኒያ)፦

እህቴ፣ እዚህ ላይ እኔን ስሚኝ። አጋር አጋር ግዢ። ከባሕር ውስጥ ተክል የሚሠራ ዱቄት ነው፣ የእስያ ሱቆች አያጡትም። የጾም ነው፣ ለሙስሊም ልጆችም ችግር የለውም። የምጋግረው ለጾመኛ ስለሆነ ጄላቲን ቤቴ ከገባ ዓመታት አልፈውታል።

ግን አጋር እንደ ጄሎ አይደለም፣ ጸባይ አለው። የተዋረድኩበትን ልንገርሽ። አንድ ክርስትና ላይ ይቺኑ የምታበራ ነገር ልሠራ ብዬ አጋሩን በውሃ አፍልቼ፣ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ቶኒክ ገለበጥኩበት። ጄላቲን ለመርጋት ፍሪጅ ይፈልጋል አይደል? አጋር ግን 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ይረጋል። ቀዝቃዛው ገና ከመንካቱ ድስቱ ውስጥ ቁርጥርጥ አለ። ውሃ ውስጥ የተበተነ ገንፎ አስቢ። እንግዳው ሳሎን ተቀምጧል፣ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ በማንኪያ እየደፈጠጥኩ ነው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ቶኒኩን ከፍሪጅ አውጥቼ ከጧት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ አቆየዋለሁ። ልሠራ ስል ደግሞ በሙቅ ውሃ ጎድጓዳ ውስጥ አቆመዋለሁ፣ ለብ እስኪል። አንድ ኩባያ ውሃ ላይ ሁለት የሻይ ማንኪያ የአጋር ዱቄትና ሲሶ ኩባያ ስኳር። ሦስት ደቂቃ ሳላቋርጥ እያማሰልኩ አፈላዋለሁ። አውርጄ ለብ ያለውን አንድ ኩባያ ቶኒክ ቀስ ብዬ በጠርዙ አፈሳለሁ። የአንድ ላይም (ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ) ጭማቂ መጨረሻ ላይ እጨምራለሁ። ከአጋሩ ጋር አብረሽ ካፈላሽው ኮምጣጣው አጋሩን ያደክመዋል። ወዲያው ወደ ኩባያዎቹ ቅጂ፣ ቆመሽ ስልክ አታውሪ።

ቀለም አትጨምሪ። ቀይ በተለይ ሰማያዊውን ይውጠዋል። አጋር ትንሽ ጉም ያለበት ይመስላል፣ ሲያበራ ግን ጉሙ ራሱ ያምርበታል።

ለማይጾሙት በጄላቲን የምትሠሩ ደግሞ ጥሬ አናናስ፣ ፓፓያና ኪዊ እንዳትከቱበት። አይረጋም። የቆርቆሮው አናናስ ግን ሙቀት ስላለፈበት ችግር የለውም።

---

ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር (አዲስ አበባ)፦

የኬክ ባለሙያዋ ከኔ በተሻለ አስተማረች። አንድ ነገር ብቻ፦ አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትሞክሩ፣ ውሃ እኛ ጋ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ለአጋሩ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት። ብላክ ላይቱንም ቻርጅ የሚደረግ ግዙ። የምናበራው በመብራት ኃይል ፈቃድ ነውና።

---

ፋርማሲስት ነኝ (ዱባይ)፦

የጤናውን ጥያቄ ማንም ስላልመለሰው ልግባ።

አሜሪካ ውስጥ ቶኒክ ላይ የሚፈቀደው ኩዊኒን በሊትር ቢበዛ 83 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አንድ ኩባያሽ ውስጥ ያለው 20 ሚሊ ግራም አካባቢ ቢሆን ነው። ለስምንት ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ተኩል ይደርሰዋል። አንድ ፍሬ የኩዊኒን ኪኒን 300 ሚሊ ግራም ነው፣ አዋቂ በቀን ደጋግሞ ይወስደዋል። የእናትሽ ምላስ ትክክል ነው፣ መጠኑ ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

ይሁን እንጂ ለወላጆች አስቀድመሽ ተናገሪ። ለኩዊኒን አለርጂ ያለበት፣ ጂ6ፒዲ የሚባለው የደም ኢንዛይም እጥረት ያለበት ልጅ ይቅርበት። ነፍሰ ጡር እናቶችም ይተዉት። ኩዊኒን በትንሹም ቢሆን ፕሌትሌቱን (ደም የሚያረጋውን የደም ክፍል) የሚያወርድበት ሰው አለ፣ ከዚህ በፊት የደረሰበት ያውቀዋል።

አንዳንድ ሰው ቢጫ እንዲያበራ ብሎ ቫይታሚን ቢ2 ፈጭቶ ይጨምራል። እውነት ነው፣ ያበራል። እኔ ግን የሰው ልጅ ሳህን ላይ ኪኒን አልፈጭም። እጥፍ ሲያደርጉት የሚበራውን የፕላስቲክ ዱላ ቀዶ ፈሳሹን የሚያፈስማ ጭራሽ! የሃይላይተር ቀለምም እንደዚያው። አይበላም።

ባትሪውን ለልጆቹ አትስጪ፣ ዓይን ለዓይን ይተያዩበታል። ከላይ ሰቅለሽ ወደ ጠረጴዛው አዙሪው።

---

ሰነፉ አባት፦

እኔ አጋር ምናምን አላውቅም። ቶኒኩን በበረዶ መሥሪያው አስተኝቼ፣ በረዶውን ስፕራይት ውስጥ ጣል አደረግኩላቸው። ያበራል። አምስት ደቂቃ ሥራ። ልጆቹ ጀግና ነው ያሉኝ።

---

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦

ልደቱ ቅዳሜ አለፈ። ቃል በገባሁት መሠረት ልንገራችሁ።

ሁለት ድስት አጋር ሠራሁ፣ አሥራ ስድስት ትንንሽ ኩባያ ወጣው። ከእነሱ በፊት የሠራሁት የመጀመሪያው ድስት ግን ተበላሸብኝ። ቶኒኩ ለብ ብሏል ብዬ ነበር፣ አላለም። ገንፎ። የኬኳ እህቴ፣ አንቺን እያሰብኩ እያለቀስኩም እየሳቅሁም በማንኪያ ደፈጠጥኩ። ቀጣዮቹን ሳደርግ ግን በጣቴ ነክቼ፣ የሕፃን ወተት እንደምንፈትሸው አድርጌ፣ ከዚያ ነው ያፈሰስኩት።

ለወላጆች በቴክስት ጻፍኩላቸው። አንዷ እናት ልጇ የጂ6ፒዲ ችግር እንዳለበት ነገረችኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ስሙንም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለሱ ያለ ቶኒክ በማንጎ ጭማቂ ሠራሁለት። አያበራም፣ ግን በመጨረሻ ሁሉም የሚለምኑት የሱን ሆነ፣ የማይመረው እሱ ነዋ።

ሁለት ባትሪ ጣሪያው ላይ በቴፕ ለጥፌ፣ ኩባያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ መብራቱን አጠፋሁ። አሥራ ሦስት ልጅ ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ። እኔ ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ሰማያዊ ኩባያዎች ጨለማ ውስጥ ተንሳፍፈው የሚቀመጡ ይመስላሉ። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። የጨረሱት አራት ልጆች ናቸው። ሌሎቹ ሁለት ማንኪያ ቀምሰው፣ ከዚያ ኩባያውን እያንቀጠቀጡ ሲንቀጠቀጥ ያዩታል። የኔዋ ጨረሰችው፣ እየመረራት፣ ለክብሯ ስትል።

ከዚያ እናቴ ድፎ ዳቦውን በትሪ ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ነጠላዋን ለብሳ ነበር። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ ነጠላው በራ። ከጄሎው አሥር እጥፍ! ጥለቱ ጥቁር መስመር ሆኖ፣ ሌላው ሁሉ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ፣ ከአንገቷ በታች መልአክ መሰለች። ልጆቹ ጠረጴዛውን ጥለው ተነሱ። አንዱ ጫፉን ይነካል፣ ሌላው ውስጡ ልግባ ይላል። ከዚያ በኋላ ጄሎውን ያየው የለም።

ማታ ለጋሼ መምህሩ በውስጥ መስመር ጻፍኩላቸው። የልብስ ዱቄቶች ነጩ ይበልጥ ነጭ እንዲመስል ይህንኑ ጨረር ውጦ ሰማያዊ የሚተፋ ቅመም ይጨመርባቸዋል አሉኝ። ለእናቴ ነገርኳት። ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ብዙ አየችውና «ያንቺ ማሽን ነዋ» አለች። «አገሬ ስገባ በእንዶድ አጥበዋለሁ።»