የዋልያዎቹን ጨዋታ ማሳየት የኢቲቪ ግዴታ ነው ወይስ ብር ሲኖረው ብቻ ነው?

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለቤቱ፣ እንዴት ከረማችሁ። ሚዲያ አካባቢ የሠራ ወይ ነገሩ የገባው ሰው ካለ ይችን ቢያብራራልኝ። አባቴ ከደጀን ወጣ ብሎ ገጠር ነው የሚኖረው፣ ዲሹን ወደ ኢትዮሳት አዙረንለት ጥርት አድርጎ ያያል፣ ግን ዋልያዎቹ ሊጫወቱ በሆነ ቁጥር ይደውልና "በየትኛው ነው ያለው?" ይለኛል፣ እኔም አንዳንዴ አለ አንዳንዴ የለም፣ አጣርቼ ልደውልልህ እያልኩ ነው የምኖረው። ለሱ ነገሩ ቀላል ነው፣ የሀገር ቡድን ከተጫወተ የሀገር ቴሌቪዥን ያሳያል፣ አለቀ። በ2005 ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ስንገባ ሰው ሁሉ ቲቪ ያለበት ቤት ተጠቅጥቆ ነው ያየው፣ ዲኮደር ምናምን የሚል ሰው አልነበረም። ከዛ ወዲህ ሊጉ በ2013 በክፍያ ወደሚታየው ዲኤስቲቪ ሄደ፣ እንግሊዝ ዲኤስቲቪ፣ አፍሪካ ዋንጫም ሲመጣ መጀመሪያ ሰው የሚጠይቀው ዲኤስቲቪን ነው። እና ኢቲቪ በስፖርት ላይ አሁን ሥራው ምንድነው? ዜና መጨረሻ ላይ ውጤት ማንበብ? የብሔራዊ ቡድኑን ጨዋታ የማሳየት ግዴታ አለበት ወይስ ብር ካለው ይገዛል ከሌለው ይተዋል?

ጣና ዳር፦

እኔ አሁን ከሥራው ወጥቻለሁ ግን ባሕር ዳር ካሜራ ተሸክሜ ዓመታት ሠርቻለሁ፣ የገባኝን ልንገርህ።

አባትህ የሚያውቁት ዘመን ጣቢያው አንድ የነበረበት ነው። ኢቲቪ ከ1957 ጀምሮ ስንት ዓመት ብቻውን ነው የቆየው፣ ብቻህን ስትሆን ደግሞ መብት የሚባል ጣጣ የለም፣ ፌዴሬሽኑን የሚደጉመው መንግሥት፣ ጣቢያው የመንግሥት፣ ስታዲየሙ የመንግሥት፣ ካሜራህን ይዘህ ትገባለህ ትተክላለህ በቃ። አሁን የአፍሪካ ዋንጫ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ንብረት ነው፣ ካፍ ደግሞ እየዞረ ለየሀገሩ አይቸረችርም፣ በጅምላ ነው የሚሸጠው። ላጋርዴር ለሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ከ2017 እስከ 2028 (በፈረንጅ) የ12 ዓመት የ1 ቢሊዮን ዶላር ውል ሰጥቶት ነበር፣ በ2019 ውሉን ካፍ ራሱ አፈረሰው። ከዛ ኒው ወርልድ ቲቪ የሚባል የቶጎ ድርጅት መጣ። በኛ ጥር 2016 የኮትዲቯሩ አፍሪካ ዋንጫ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ሱፐርስፖርት (የዲኤስቲቪ የስፖርት ቻናል) አላሳይም ብሎ በይፋ አስታውቆ ነበርኮ! ኋላ ከቶጎዎቹ ላይ ተደራድሮ ነው ያገኘው። ሱፐርስፖርትን የሚያህል ባለ ብር ለማኝ ከሆነ የኛ የመንግሥት ጣቢያ፣ ያውም ክፍያው በዶላር ሆኖ፣ የት ሊደርስ ነው።

ሰው ልብ የማይለው ግን ዋናው ጉዳይ ስታዲየሙ ነው። በሜዳህ ስትጫወት አብዛኛውን ጊዜ ኦቢ ቫን (ከሜዳ የሚያስተላልፈውን መኪና) አምጥቶ ምስሉን የሚያወጣው የሀገር ቤቱ ጣቢያ ነው፣ ካሜራው ያንተ ከሆነ ደግሞ ባለመብቱም ይፈልግሃል፣ ድርድር ላይ የምትይዘው ነገር አለህ። ኅዳር 2012 ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ መጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የሸኘናቸው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። መስከረም 2014 ደቡብ አፍሪካ መጥታ 3 ለ 1 አሸነፈችን፣ ብዙም ሳይቆይ ካፍ ስታዲየሙ መስፈርት አያሟላም ብሎ ዘጋው። የሚቀጥለውን የጋናን ጨዋታ "በሜዳችን" ተብሎ ጆሃንስበርግ ሄደን ተጫወትን። ግብፅን 2 ለ 0፣ ግብፅን እኮ ነው የምላችሁ፣ ሰኔ 2014 ስናሸንፍ ሜዳው ማላዊ ሊሎንግዌ ነው! ከዛ ወዲያም ሞሮኮ ምናምን እየተባለ ነው የተዞረው። እዛ ካሜራ የሚተክለው ሌላ፣ ሳተላይቱን የሚከራየው ሌላ፣ ኢቲቪ እንደማንኛውም ገዢ ተሰልፎ ነው የሚጠብቀው። ስለዚ የአባትህን ጨዋታ የወሰደባቸው ዲኤስቲቪ ብቻ አይደለም፣ የመልበሻ ክፍልና የሣር ጉዳይም አለበት።

ግዴታ ላልከው፣ እንግሊዞች በ1996 (በፈረንጅ) ባወጡት የብሮድካስት ሕግ መሠረት ዝርዝር አላቸው፣ ኦሎምፒክ፣ ዓለም ዋንጫ፣ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይቭ ስርጭታቸው በክፍያ ቻናል ብቻ ተይዞ እንዳይቀር። ደቡብ አፍሪካም ተመሳሳይ ደንብ አላት። እኛም የዋልያና የሉሲዎችን ጨዋታ፣ ኦሎምፒክን፣ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮናን በእንዲህ ያለ ዝርዝር ብናስቀምጥ ማንም ይግዛው ማን፣ ለነፃ ጣቢያ ማካፈል ግድ ይሆንበታል። ዝርዝር ከሌለ ግን ልመና ነው።

ቡሬ ቦይ፦

ኧረ ተው እናንተ ሰዎች። ዲኤስቲቪ ዲኤስቲቪ እያላችሁ ጠላት አደረጋችሁት። በ2013 ሊጉ የ5 ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ባይፈርም ክለቦቹ ከቴሌቪዥን ምን ያገኙ ነበር? ሊጉ በአማርኛ ኮሜንታተር፣ በሪፕሌይ፣ ሱፐርስፖርት ልዩ ተብሎ ቻናል ተከፍቶለት ማየት የጀመርነው ከዛ በኋላ ነው። ፋሲል ከነማ በዛው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ ነው የተከታተልኩት፣ ከዛ በፊት እኮ ሊጉ በቲቪ አልፎ አልፎ ነው፣ ውጤቱን በፌስቡክ ነው የምንሰማው። ነፃ ይሁን ማለት ክለብ በነፃ ይኑር ማለት ነው፣ ተጫዋች ደመወዝ ሲቀርበት ደግሞ መልሳችሁ የምትጮኹት እናንተው ናችሁ።

ለዋልያ ዝርዝር ምናምን ያልከው ግን ይሁን፣ በሱ አልከራከርም።

አያ ሬዲዮ (ቢቸና)፦

ልጆች፣ እናንተ ሁሌ ቲቪ ቲቪ ትላላችሁ፣ እኔ ግን ኢትዮጵያን በቲቪ ሳይሆን በጆሮዬ ነው ያየኋት። 1980 ሴካፋ አዲስ አበባ ላይ ከዚምባብዌ ጋር ፍጻሜ ስንደርስ እኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ሰው አልነበረም፣ ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ ኳሱ የት ጋ እንዳለ፣ ማን ቀኝ መስመር እንደሄደ፣ ተመልካቹ ምን እንደሆነ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታየን ነበር፣ መለያ ምት ላይ ሲደርስ ደግሞ ሰውየው እያንዳንዷን ምት እንዲህ ልብ አንጠልጥሎ ሲያደርሳት ሽማግሌው ሁሉ ጋቢውን ጥሎ ነው የዘለለው፣ እና ያ ሁሉ የመንግሥት ሬዲዮ ሥራ ነበር፣ ማንም ዲኮደር አልሸጠልንም ማንም ፓኬጅህ አልቋል አላለንም። ሬዲዮ እኮ ካሜራ አይፈልግም፣ አንድ የሚያውቅ ሰውና አንድ መስመር ነው የሚፈልገው። አሁን ኔት ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ የቢቸና ወጣት ውጤት የሚሰማው በምን ነበር? በሬዲዮ ነው። መብራት ሲጠፋስ? በባትሪ ድንጋይ። እና ኢቢሲ (የኢቲቪ ባለቤት ተቋም) የቲቪ መብት መግዛት ካቃተው ቢያንስ የዋልያን ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሬዲዮ ያስተላልፍ፣ ከስቱዲዮ ሆኖ ስክሪን እያየ ሳይሆን ሜዳው ድረስ ሰው ልኮ። ስክሪን እያየ የሚያወራ ሰው ወዲያው ነው የሚታወቀው፣ የሜዳው ጫጫታ የለውም።

ስታዲየም ያልከው ግን ጣና ዳር፣ ልክ ብለሃል። ያን አላሰብኩትም ነበር።

የማርቆስ ልጅ፦

አያ እናመሰግናለን፣ አባቴም ደምሴን ሲያነሳ እንዲሁ ነው የሚሆነው። ጣና ዳር አንድ ልጠይቅህ፣ የሬዲዮ መብትም ለብቻው ይሸጣል እንዴ? ወይስ ዝም ብሎ ማስተላለፍ ይቻላል?

እታለም ከዳንግላ፦

በናታችሁ አንድ ነገር ላንሳ፣ ሁላችሁም እንደ ወንድ ነው የምታወሩት። ቤቱ ዲኤስቲቪ የሌለው ሰው ጨዋታ የሚያሳይ ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ማየት ይችላል ቢባል እኔና እህቴ የት ሄደን ነው የምናየው? ማታ 4 ሰዓት ጨዋታ ሲኖር ጫትና ሲጋራ የሞላበት፣ የቤቲንግ ወረቀት መሬት ላይ የተነጠፈበት ቤት ገብታ ምን ዓይነት ሴት ናት የምትቀመጠው፣ ብትቀመጥስ ነገ ሰፈር ምን ይላል። እናቴ አትሌቲክስ ትወዳለች፣ የደራርቱን ስም ከጠራህባት ሥራ አቁማ ነው የምታወራህ፣ እሷ ግን ሩጫ ለማየት ብላ መቼም ዲኤስቲቪ ቤት አትሄድም። በነፃ ጣቢያ ካልመጣ ለሷ ውድድሩ አልተካሄደም ማለት ነው። ቡሬ ቦይ ስለ ክለብ ደመወዝ ትጨነቃለህ፣ ደግ ነው፣ የቴሌቪዥን ግብር እየተባለ ይከፈል የነበረው ግን ከእናቴም ቤት ነው የወጣው።

ደግሞ ሁሉ ሰው ስለ ዋልያና ስለ ወንዶች ሊግ ብቻ ነው። የንግድ ባንክ ሴቶች በ2016 መጨረሻ ሴካፋን አሸንፈው ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሞሮኮ ሄዱ፣ እዚህ ስንቱ ሰው ነው የአንዷን ተጫዋች ስም የሚያውቀው? የጃን ሜዳ አገር አቋራጭ አለ፣ የታችኞቹ ሊጎች አሉ፣ የኛው የጎጃም ክለቦች የሚጫወቱበት ማለት ነው። እነዚህን የሚከፍልበት ቻናል አይመጣም ምክንያቱም አያተርፍም። የመንግሥት ጣቢያ ታዲያ ለምንድነው የተፈጠረው? እኔ ብጠየቅ የእንግሊዝን ኳስ ለሚሸጡት ይተውላቸውና እነዚህ ጋ ካሜራ ያቁም ነው የምለው። ከነዛ ውስጥ ነው ነገ ዋልያና ሉሲ የሚሆኑት።

ቡሬ ቦይ፦

እታለም ዲኤስቲቪ ቤቱን በተመለከተ መልስ የለኝም፣ እውነት ነው። ግን የታችኛው ሊግ በቲቪ ማን ያየዋል? እኔ ራሴ አላየውም።

እታለም ከዳንግላ፦

ከተማህ ክለብ ካለው ታየዋለህ። ባሕር ዳር ከነማ በ2011 ፕሪሚየር ሊግ ከመግባቱ በፊት የታች ሊግ አልነበረም እንዴ? ሰው ስታዲየም የሚሞላው ያኔም ነበር። አሁን የጣና ሞገዶቹ ስትል ግን ከታች ይዘኸው የመጣህ ነው የምትመስለው 😂

ጣና ዳር፦

😂😂 ይሄኛው ቡሬን ዘጋው።

የማርቆስ ልጅ፣ የሬዲዮ መብት በትልልቅ ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ ከቲቪው ተለይቶ ነው የሚሸጠው፣ ዋጋውም ከቲቪው ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ ስለዚ አያ ያሉት ከሁሉም ቀላሉና ነገ ሊጀመር የሚችለው ነው። ኢቢሲ የኢትዮጵያ ሬዲዮም ኤፍኤም አዲስ 97.1ም አለው፣ እዚህ ደግሞ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ባሕር ዳር ኤፍኤም 96.9 እና የናንተው ደብረ ማርቆስ 95.1 አሉ። ሁለቱ ተቋማት ተነጋግረው አንድ ጋዜጠኛ ሜዳ ቢልኩና ድምፁን ቢቀባበሉ ወጪው ይካፈላል። እኔ በነበርኩበት ቤት ይሄ ሐሳብ ስብሰባ ላይ ይነሳ ነበር፣ የሚወድቀውም "የኛ ሎጎ የት ጋ ይገባል" በሚለው ነበር።

ለእታለም ግን አንድ ተቃውሞ አለኝ፣ የታችኛውን ሊግ ላይቭ ለማውጣት ኦቢ ቫን፣ ነዳጅ፣ ከ15 ያላነሰ ሰው አበል ያስፈልጋል፣ ለአንድ ጨዋታ ይሄን ማውጣት ከባድ ነው። በሁለት ካሜራ ተቀርጾ በሳምንቱ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ቢሆን ግን ይቻላል፣ በዩቲዩብም ሙሉውን መጫን ነው። የሴቶቹ ሊግ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ከተማ ተሰባስበው ነው የሚጫወቱት፣ ካሜራው አንዴ ከተተከለ በቀን ሁለት ሦስት ጨዋታ ይወጣለታል፣ ከዛ ቢጀመር ወጪው ያን ያህል አይደለም።

አያ ሬዲዮ (ቢቸና)፦

ጣና ዳር፣ ያ የሎጎ ስብሰባ ላይ እኔን ጥሩኝ፣ በሬዲዮ ሎጎ አይታይም ብዬ እገላግላችኋለሁ።

የማርቆስ ልጅ፦

😂 አያ ይጠሩዎታል። እሺ ለአባቴ ትንሽ ሬዲዮ ልገዛለት ነው፣ ደጀን አካባቢ 95.1 ጥርት ብሎ የሚገባለት ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ ሸለቆው ስላለ እንዳይቆራረጥበት።